የማሽን ቤት ቋንቋ

ልጄ ማህደር ሁለት ዓመት አልፏት አፏን አልፈታችም ነበር። የሰው ልጅ በዓመቱ "እማ" ይላል፣ በዓመት ተኩሉ ጎረቤት ይሰድባል፤ የእኔዋ ግን ጭጭ። ያውም ከእኔ ሆድ ወጥታ። እኔ እታገኝ ካላወራሁ የበላሁት የማይፈጭልኝ ሴት ነኝ። አማን ከተማ የተከራየንበት ግቢ ያሉ ሰዎች "ሬዲዮ" ነው የሚሉኝ፣ ባትሪ የማይጨርስ ሬዲዮ። እና አንዲት "እማዬ" ከዚያች አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ፊቷ ተንበርክኬ አፏን አፏን እንዳየሁ እኔና ፈጣሪዬ ነን የምናውቀው።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ያለበለዚያ እናንተም "እንዴት እናት ሆነሽ ሳታውቂ?" ትሉኛላችሁ። ሁሉም ይለኛል፤ ሰልችቶኛል።

የምሠራው ሚዛን ተፈሪ ዳር ካለ ቡና መቀሸሪያ ቤት ነው። ጀንፈሉ፣ ቡናው ከነገለባው፣ ከየገጠሩ ደርቆ በጆንያ ይመጣል፣ ማሽኑ ገለባውን ይገፍፋል፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ መሬት ላይ ተደርድረን ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እንለቅማለን። ማሽኑን የሚያሠራው ባሌ ካሣዬ ነው። የቴፒ ልጅ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከሞተር ጋር ስለኖረ ግራ ጆሮው ሄዷል፤ ቀኙም ቢሆን ሲፈልግ ነው የሚሰማው።

እዚያ ቤት ማሽኑ ከተነሳ ጆሮ ሥር ገብተው ቢጮኹ አይሰማም። በዚያ ላይ አንዷ ቤንችኛ፣ ሌላዋ ካፍኛ ነው የምትናገረው፤ ተሸካሚዎቹ እርስ በርሳቸው ሸኮኛ ያወራሉ፤ እኔ ካማርኛ በቀር አንድም አላውቅ። ስለዚህ ሁላችንም በእጅ ነው የምንነጋገረው። የተጨበጠ እጅን ወደ ላይ ማንሳት "ማሽኑን አቁም" ነው፣ ጣትን በአየር ላይ ማሽከርከር "ጀምር"። ትከሻን መታ መታ ማድረግ "ጆንያ አንሱ"። መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ ወደ አፍ ማስጠጋት "ውሃ"፣ ሆድን ማሸት "ምሳ ደረሰ"። ጣትን ከአፍንጫ ሥር ወዲያና ወዲህ ማድረግ ደግሞ "ባለቤቱ መጣ" ማለት ነው፤ የማሽኑ ባለቤት ጢም ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በሳምንቱ ይለምደዋል፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም።

ማህደር የተወለደችው በሚሌኒየሙ ዓመት ነው። ወደ ሥራ ስመለስ የምተዋት ሰው ስላልነበረኝ አዝያት ገባሁና ባዶ ጆንያ ላይ አስተኛኋት። ማሽኑ ሊነሳ ሲል ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር። የሌሎቹ ሴቶች ልጆች መጀመሪያ ሲገቡ በለቅሶ ቤቱን ቀውጢ ሲያደርጉት አይቻለሁና። እሷ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። ማሽኑ ሲያርፍ ከጎኔ የምትለቅመው ጓደኛዬ ወለላ "ይቺስ የተባረከች ናት፤ ሆድሽ ውስጥ ሆና ለምዳው ነው የወጣችው" አለችኝ። እውነትም መሰለን። እርጉዝ ሆኜ ምጥ እስኪይዘኝ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ስለቅም ነበርና። ሌሎቹ እናቶች ቀኑብኝ፣ እኔም ኮራሁ።

እንዲህ ሆና እዚያው አደገች። ጆንያ ተደግፋ መቆም ተማረች። የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ከጀንፈሉ ክምር ወደ አባቷ ነው፤ መሃል ላይ በቂጧ ዘጭ አለችና ማንም ሳያነሳት ተነሳች። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ መክተት ስትተው ደግሞ እኛን አይታ ጥቁሩን ፍሬ ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ ማድረግ ጀመረች። ዓይኗ አያርፍም። አንዷ ሴት ስታዝን ታውቃለች፤ አጠገቧ ሄዳ ጉልበቷ ላይ እጇን ታስቀምጥላታለች።

ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆናት አንድ ቀን ቆም አለችና ያቺን ሚጢጢ ጣቷን ከአፍንጫዋ ሥር ወዲያና ወዲህ አደረገች። ዞር ስንል ባለቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሴቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ምን እንደሚያስቀን ሳያውቅ እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት። "ውሃ" ትላለች፣ "ምሳ" ትላለች፣ ተሸካሚዎቹን "አንሱ" ትላለች። አባቷን እጇን ጨብጣ አንስታ ብታዘው ካሣዬ እውነት ማሽኑን አቁሞላት ባለቤቱ ተቆጥቶታል። ወለላ "አፏ ቢዘገይ ምን አለበት፤ እጇ ጠበቃ ነው" ትል ነበር።

ጆሮዋማ ሹል ነው ብለን ነው የምናምነው። ግቢው ዳር ጭቃ ስታቦካ ቆይታ ማሽኑ የተነሳ እንደሆነ ሳታየው እየተንገዳገደች ትመጣለች። "አያችሁ፣ ከዚያ ሆና ትሰማለች" እንባባላለን። መሬቱ እንደሚንቀጠቀጥና በባዶ እግሯ እንደምታውቀው ማን ያስብ።

ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን እንቅልፍ አጣሁ። አገሩ ሁሉ አዋቂ ሆነብኝ። አማቴ ከቴፒ ደውለው "ካሣዬም እስከ አራት ዓመቱ አልተናገረም፤ አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺባት" አሉኝ። አንዷ ጎረቤት "ምላሷ ታስሮ ነው፤ ሥሩን ጫር የምታደርግ አውቃለሁ" ብላ ምላጭ የያዘች ሴት ቤቴ ድረስ ይዛብኝ መጣች፤ ሁለቱንም በጫማዬ ነው ያባረርኳቸው። ሕክምና ቦታ ወስጄያት የመዘናት ልጅ ፈገግ ሲልላት እሷም ፈገግ አለችለት፣ እጇንም ዘረጋችለት። "ንቁ ናት፣ ትናገራለች" ብሎ ሸኘኝ። እኔ የምፈራው ሳትናገር እንዳትቀር ብቻ ነበር። አለመስማት በሐሳቤም አልመጣ። የምንላትን ሁሉ ትረዳለች እኮ፣ ከሠራተኛው ሁሉ ፈጥና።

ሰኔ ላይ ጀንፈሉ አለቀና ማሽኑ ተዘጋ። እኔና ማህደር ቤት ዋልን። ካሣዬ ጋራዥ ውስጥ የቀን ሥራ አገኘ። የእኛ አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። ከቤት መውጣት የለም፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ በቆርቆሮ ጣሳ ትጫወታለች። እጠራታለሁ፣ አትመጣም። ሄጄ ትከሻዋን ስነካት ደንገጥ ብላ ዞራ ትስቅልኛለች። "ግትር፣ ቁርጥ አባትሽን" እላታለሁ።

አንድ ቀን ጎደሬ ቀቅዬ ከምድጃው ሳወርድ ድስቱ ጨርቁ ላይ ተንሸራቶ ጋደለና የፈላው ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። እንዴት እንደጮኽኩ እኔ አላውቅም፣ የሰሙት ናቸው የነገሩኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከግቢው ማዶ አከራያችን ጋሼ ገሠሠ ሰሙኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ እግራቸው አይታጠፍም፤ በዚያ ጭቃ ምርኩዛቸውን ሳይዙ ደረሱ። ማህደር ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የቡና ፍሬዎችን ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው አንድ በአንድ እያዛወረች ነበር። አልዞረችም።

ጋሼ ገሠሠ እኔን አዩ፣ ቀጥለው እሷን አዩ። እግሬን ረሳሁት። ሁለታችንም የልጅቷን ጀርባ እያየን ቆምን። ቆባቸውን አወለቁና "እታገኝ ልጄ፣ ይቺ ልጅ አትሰማም" አሉኝ። ላስወጣቸው ፈለግሁ። ሽማግሌ ባይሆኑ ገፍትሬ አስወጣቸው ነበር።

ማታ ለካሣዬ ነገርኩት። "እብድ ነሽ" አለኝ። "እኔስ መቼ እሰማለሁ፤ ምን ሆንኩ?" ጎማ ጫማውን እንዳደረገ ከኋላዋ ሄደና ወለሉን ረግጦ ድስት ሲደበድብ ማህደር ዞረች። "ይኸው!" አለኝ፤ ፊቱ በራ። ወለሉ ጣውላ ነው። ተነስቼ አልጋ ላይ ወጣሁና ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጌ። "በል፣ በር ላይ ሆነህ ጥራት፤ እንዳትንቀሳቀስ" አልኩት።

"ማህደር" አለ።

ዓይኗ እኔ ላይ ነው። በአንገቴ ማተብ እየተጫወተች ነው።

"ማህደር። ማህደርዬ። የአባቷ ልጅ።" ከጭንቅላቷ በላይ አየዋለሁ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ቀጥሎ ተሰበረ፣ ቀጥሎ አፉ ብቻ መንቀሳቀስ ጀመረ። እሷ ማተቡን ወደ አፏ ከተተች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ልጄ ስም እንዳላት አታውቅም። ክርስትና አስነስተን፣ ደግሰን፣ ዘመድ ጠርተን ያወጣንላት ስም እኛ ጋ ነው የቀረው። ካሣዬ ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ፤ አልጠራሁትም።

እግሬ ሲጠግ ጅማ ወሰድናት። ከነጋ ተነስተን ቀኑን ሙሉ ነው የተጓዝነው፤ በየመታጠፊያው አስመለሳት። ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ደግ ናት፤ አልዋሸችንም። የሆነ ነገር ጆሮዋ ላይ እያደረገች ረጅም ሰዓት መረመረቻት። ምንም እንደማትሰማ፣ በጆሮ የሚደረገውም መሣሪያ እንደማይጠቅማት ነገረችን። ማሽኑ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ምናልባት ስትወለድም አትሰማም ነበር፣ አሁን ማወቅ አይቻልም አለችኝ። የምረግመው አንድ ነገር እንኳ ብትሰጠኝ ምን አለበት። ማሽኑ ነው ብትለኝ ማሽኑን እረግም ነበር፣ ራሴን ብትለኝ ራሴን። ባዶ እጄን ነው የሸኘችኝ።

ትምህርት ቤት አለ አለችን፣ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር። የት ነው ስንል ሩቅ ነው፣ እዚያው የሚታደርበት ነው፤ ለአሁኑ ዕድሜዋ አይቀበሏትም። "እስከዚያ በምልክት አናግሯት" አለች። ካሣዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ አለ። "እሱማ እኛ ቤት ችግር የለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በምልክት ነው" አለና ሊያሳያት ቀረበ። አቁም። ጆንያ አንሱ። ባለቤቱ መጣ። ማህደርም አብራው አሳየች። ሐኪሟ "ጎበዞች" አለችንና ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ስንመለስ ቦንጋን አልፈን ጫካው ውስጥ ስንገባ ማህደር ፈራች። መኪናው ይወዛወዛል፣ ጨለም ብሏል፤ ወዴት እንደምንወስዳት አታውቅም፤ ለምን እንደወጋጓት፣ ለምን ጆሮዋን እንደነካኩት የነገራት የለም። ፊቴን ታያለች። እጄን አነሳሁ፣ ልነግራት። እና አንድም ነገር አጣሁ። አይዞሽ የሚል ምልክት የለንም። ለማን ብለን እናውጣ፣ ማሽን ቤት ውስጥ ማን አይዞሽ ይላል። ቤታችን እየሄድን ነው የሚል የለንም። እናትሽ ነኝ የሚልም የለንም። ያለን አቁም፣ ጀምር፣ አንሱ፣ ውሃ፣ ምሳ፣ ሰውዬው መጣ ነው። ልጄን በእነዚህ ስድስት ነገር ነው ያሳደግኋት። ሌላውን ሁሉ፣ ያን ሁሉ እሹሩሩ፣ ያን ሁሉ ተረት፣ ያን ሁሉ ወሬዬን ለጀርባዋ ነው ያወራሁት። ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፤ መላቀቅ ፈለገች፣ ትንፋሽ አሳጥሬያት ነበር።

ሰው ሊያጽናናኝ ይመጣል። "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" ይሉኛል። ድግሱ የታለ እላቸዋለሁ። "ጸበል ሞክሪ" አሉኝ፣ ሞከርኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱባት ለምን እንደሆነ ማስረዳት ስላልቻልኩ ከዚያ በኋላ ቄስ ስታይ ትሸሻለች። ወለላ ብቻ ነች መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ የሄደችው። ድሮ እኔ ሳወራ ካሣዬ "ተይን እስቲ" ይለኝ ነበር። አሁን እኔ ዝም ስላልኩ የሚለው የለውም።

ጥር ላይ ማሽኑ እንደገና ተነሳ፣ እኛም ተመለስን። ሦስት ዓመቷን ልትይዝ ነው። አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ጥያቄ ጀምራለች። ልጅ በዚህ ዕድሜው "ይሄ ምንድነው? ለምን?" እያለ ያደክም የለ? ፊቷ ልክ እንደዚያ ነው። ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ታየኛለች፣ የሆነ ነገር ትጠቁማለች፣ ትጠብቃለች። እኔ ሳቅ እላለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቤት ነበርን። ማህደር መጥታ ፊቴ ቆመች። ሁለቱን መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጠመችና ቀስ ብላ ከፈተቻቸው፣ ከዚያ በአንድ እጇ ጉንጬን ነካችኝ። ከማሽን ቤቱ አይደለም። ማንም እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ራሷ ያወጣችው ነው። ደገመችልኝ። ውሃ አልኳት፣ ራሷን ነቀነቀች። ምሳ፣ አይደለም። ዳቦ አመጣሁ፣ አይደለም። ሹራቧን፣ ጣሳዋን፣ ኳሷን፣ የአባቷን ኮፍያ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ እየተሸከምኩ ፊቷ ደረደርኩት። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ቀጥሎ ምልክቱን ቀስ አድርጋ፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዱት እያንዳንዷን ለየት አድርጋ አሳየችኝ። መዳፍ ከመዳፍ። መክፈት። ጉንጭ። ቀጥሎ አለቀሰች፣ እግሯን መሬት ላይ እየደበደበች።

ወደ አባቷ ሮጠች። ለእሱም አሳየችው። ካሣዬ ሆዱን አሸና "ምሳ?" አላት። ቆማ አየችው። ወደ አልጋው ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኛች።

በማግሥቱ እኔ ጀመርኩ። ወገቤን አጎንብሼ ፊቷ ሆንኩና ራሷ እንዳደረገችው መዳፎቼን ደረቴ ላይ ገጠምኩ፣ ከፈትኩ፣ ጉንጯን ነካሁ። ምንድነው፣ ንገሪኝ፣ ዛሬ ይገባኛል፣ በፊቴ የምችለውን ሁሉ አልኩ። እጆቼን ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያ በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ታች አወረደቻቸው፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ። መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ወደ አፏ አስጠጋች።

ሮጬ ውሃ ቀዳሁላት። አልጠማትም ነበር፤ ገና አሁን ጠጥታለች። ግን ተቀብላኝ፣ ዓይኔን እያየች፣ እስከ ጥጉ ጠጣችውና ኩባያውን መለሰችልኝ። ጭንቅላቴንም ዳበስ አደረገችኝ። የማውቀውን ነገር ጠይቃኝ ነው፣ እንዳይከፋኝ።

ያንን ምልክት ከዚያ ወዲህ አላሳየችኝም።